ፊቱን ብቻ

«ድልድይ ስጡኝ አልኳቸው፤ ወንዝ ጨምረው ሰጡኝ» አለ መሐንዲሱ፣ የሻይ ብርጭቆውን ሳይቀምሰው በሁለት እጁ እንደያዘ።

ቀብሩ ከተፈጸመ ሁለተኛው ቀን ነው። ለቀስተኛው በየግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ ከጎረቤት የተሰበሰቡት ወንበሮች ቁመታቸው ስለማይገጥም አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። እስካሁን የመጣው ሁሉ ስለ ሟቹ የሚለው አንድ ዓይነት ነበር። ደግ ነበሩ፤ ዝምተኛ ነበሩ፤ ሰው አያስቀይሙም። የሟቹ ልጅም አንገቷን እየነቀነቀች ስትቀበል ውላለች። ይሄ ጫማው ላይ የመንገድ ሥራ አቧራ ያለበት ሰው ግን ማንም ያላለውን ማውራት ሲጀምር፣ የፔርሙዙን ክዳን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

ቤተሰቡ ችኩሌ ይላታል። በሰባት ወሯ ስለተወለደች አባቷ ያወጡላት የቤት ስም ነው፤ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆናም አልለቀቃትም።

መሐንዲሱ ቀጠለ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ስለ ድልድይ አሠራር የሚያወራ መጽሐፍ ፈልጎ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መስኮት ወረቀት አቀበለ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የነበሩት አባቷ የመጽሐፉን ካርድ ከመሳቢያው ስበው ፊቱን አዩ፤ ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አነበቡ። ሲመለሱ ሁለት መጽሐፍ ይዘው ነበር።

«ሁለተኛውን አላዘዝኩም አልኳቸው። ‹ድልድይ የጠየቁ ሁሉ ወር ሳይሞላ ተመልሰው የሚጠይቁት ይሄን ነው፤ አንተን ለምን ላመላልስህ?› አሉኝ። ስለ ወንዝ ጠባይ የሚያወራ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ድልድይ ሥራ ስባል መጀመሪያ ሄጄ ወንዙ ዳር የምቀመጠው በሳቸው ምክንያት ነው።»

«የቱን ጀርባ ነው ያነበቡት?» አለች ችኩሌ።

«የካርዱን ነዋ። በእርሳስ ተጽፎ ሙሉ ነበር። አያውቁትም እንዴ?»

«አውቀዋለሁ» አለችና ክዳኑን ገጠመች። ውሸቷን ነበር።

ወደ ጓዳ ገብታ የቆሸሹትን ብርጭቆዎች ማጠብ ጀመረች። ጎረቤቶቿ «አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፤ ሂጂ ተቀመጪ» ቢሏትም አልሰማቻቸውም።

በአባቷ ጊዜ ተማሪ መደርደሪያው አጠገብ አይደርስም ነበር። የሚፈልገውን በወረቀት ጽፎ በመስኮት ያቀብላል፤ ይጠብቃል። ከመስኮቱ ወዲያ አባቷ አሉ፤ ከኋላቸው ስድሳ መሳቢያ ያለው የእንጨት ቁምሳጥን፣ በየመሳቢያው በዘንግ የተሰኩ ካርዶች። ተማሪው ጋሽ ምርቃት ይላቸው ነበር። ሻጭ ለደንበኛው መርቆ እንደሚጨምር፣ እሳቸውም ከታዘዙት በላይ አንድ መጽሐፍ ስለሚጨምሩ ነው። ችኩሌ ይሄን ስም ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ከአባቷ ጆሮ የማይለየውን ቁራጭ እርሳስም ታስታውሰዋለች። ምን እንደሚጽፉበት ግን አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም። የአባት ሥራ ለልጅ እንደ ቤት ግድግዳ ነው፤ ሁልጊዜ ስላለ አይታይም።

ከስድስት ዓመት በፊት ኮሌጁ ካታሎጉን ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር ሥራው ኮምፒውተር ለተማረችው ለችኩሌ ተሰጠ። ሁለት ወር፤ አንድ ቀን አይጨመርም ተባለች። ስምንት ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው ቀጠረች። በተገዛው ፕሮግራም ላይ የሚሞሉት ቦታዎች ዘጠኝ ነበሩ፤ ደራሲ፣ ርዕስ፣ የታተመበት ዓመት እያለ ይቀጥላል። ለካርድ ጀርባ የተተወ ቦታ አልነበረም።

ጠንቃቃ ሠራተኛ ናት፤ ይሄ አይካድባትም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያውን መሳቢያ አውጥታ አርባ ካርድ አገላብጣ አይታለች። የአርባውም ጀርባ ንጹሕ ነበር። «ፊቱን ብቻ» ብላ በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። የመጀመሪያው መሳቢያ የመዝገበ ቃላት መሆኑን ልብ አላለችውም። መዝገበ ቃላት የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ምክር አይሻም። አባቷ እዚያ ላይ የሚጽፉት ነገር አልነበራቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት ከስምንቱ አንዷ፣ መነጽራም ልጅ፣ እጇን አወጣች። ካርዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ፤ ምን ላድርገው ብላ ጠየቀች። ችኩሌ ከያዘችው ወረቀት ቀና ሳትል «የድሮ ቁጥር ይሆናል፤ ዝለይው» አለቻት። ልጅቷ ዘለለችው። ሰባቱም ሰምተው ዘለሉ።

አባቷ ጡረታ ሊወጡ አራት ቀን ሲቀራቸው ወደዚያ ክፍል መጡ። አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆሙ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበቡና «ጀርባውንስ?» አሉ።

የመነጽራሟ ልጅ ድምፅ ያን ጊዜ ጆሮዋ ላይ ነበር። ረስታው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልከበዳት። ግን ሥራው ተጋምሷል፤ ቀኑ ተቆጥሯል፤ ስምንቱ ልጆች መተየባቸውን አቁመው ያዩዋታል።

«ጀርባው ባዶ ነው አባዬ። አይቼዋለሁ።»

አባቷ ስምንቱን ልጆች አዩ፤ እሷን አዩ። «ካየሽው እሺ» አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ መጻሕፍቱን ረግጠው አያውቁም። ቤት ስለ ሥራዋ ስታነሳላቸው ስለ አየሩ ያወራሉ። ችኩሌ «አባዬ በኮምፒውተር ቀና» እያለች ለባልደረቦቿ ታወራ፣ ታስቃቸውም ነበር።

አዲሱ ካታሎግ ፈጣን ነው። የመጽሐፉን ርዕስ አሟልቶ የጻፈ ዓይኑን ሳያሽ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይነገረዋል። አሟልቶ ያልጻፈ ደግሞ «አልተገኘም» ይባላል። ግን በአሥራ ስምንት ዓመቱ የሚፈልገውን አሟልቶ የሚያውቅ ስንት ልጅ አለ? የሚዋሰው መጽሐፍ በየዓመቱ እያነሰ ሄደ። የንባብ ክፍሉ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሆነ። ተማሪው ገጹን ፎቶ አንሥቶ ሳያነበው ይወጣል፤ አለዚያም ጥያቄውን ለስልኩ ጽፎ የሰጠውን መልስ እንዳለ ያስረክባል። ችኩሌ አምና ለኮሌጁ ባቀረበችው ሪፖርት «ይህ ትውልድ መጠየቅ ትቷል» ብላ ጻፈች። ስብሰባው ላይ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀላት።

አሁን የታጠበ ብርጭቆ መልሳ እያጠበች ያቺ መነጽራም ልጅ ትዝ አለቻት። ልጅቷ ጠይቃ ነበር። ሳትጠይቅ ያለፈችው ራሷ ችኩሌ ናት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ወጣት ሠራተኞች አራት ሆነው መጡ። ተደርድረው ተቀመጡና እግዜር ያጥናችሁ ካሉ በኋላ አንድ በአንድ ስልካቸውን አወጡ። የሟቹ እህት፣ የለቅሶውን ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው የያዙት አክስቷ፣ ዓይናቸው ደም መሰለ። ቀብር ላይ የሚስቅ ሰው እንኳ ይሻላል ብለው ለጎረቤታቸው ሹክ አሉ። ሊናገሯቸው ሲነሡ ችኩሌ ቀድማ ሄደች።

ልጆቹ እየተጫወቱ አልነበረም። ትናንት ማታ መሐንዲሱ የጋሽ ምርቃትን ፎቶ በኮሌጁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አውጥቶ የድልድዩንና የወንዙን ነገር ጽፏል። ከሥሩ የድሮ ተማሪዎች እየተከተሉ የየራሳቸውን ጽፈዋል። ስለ ወባ ጠየቅኩ፣ ስለ ረግረግ መሬት ጨመሩልኝ ይላል አንዱ ሐኪም። የሒሳብ መጽሐፍ ጠየቅኩ፣ የሙዚቃ ሰጡኝ፤ ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ሒሳብ የማስተምረው በከበሮ ነው ትላለች አንዷ መምህርት። የሕግ ተማሪ የነበረ ደግሞ ስለ ፍቺ የሚያወራ መጽሐፍ ጠይቆ፣ አባቷ ለትምህርትህ ነው ወይስ ለቤትህ ብለው ቀስ ብለው እንደጠየቁት ጽፏል። ችኩሌ በአውራ ጣቷ ብትገፋው ብትገፋው አያልቅም። ሦስት መቶ ይሆናል።

«እነዚህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር?» አለች ከልጆቹ አንዷ።

ችኩሌ ስልኩን መልሳ አክስቷን በዓይኗ ጠራችና የለቀስተኛ ኮት የተከመረበት መኝታ ቤት ገቡ። ስለ ካርዶቹ አባዬ አንሥቶልዎት ያውቃል ወይ አለቻቸው።

አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከኮቶቹ ጎን ተቀመጡ።

«ተከፍቶብሽ ነበር» አሉ። «አፈሩ ሳይደርቅ አልዋሽሽም።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ስምንት ልጅ ፊት ላዋርዳት ወይ አለኝ። በኋላማ ጨርሰሽ፣ ተጨብጭቦልሽ መጣሽ። አሁን ብነግራት የሠራችውን አፈርስባታለሁ አለ። እኔስ ንገራት ብዬው ነበር። አንተ ልጅህን ፈርተህ ነው አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ።»

ሳሎን ውስጥ አዲስ የገቡ ሴቶች ለቅሶ ተሰማ። አክስቷ ሊቀበሏቸው ተነሡ፤ ችኩሌ ግን እዚያው ቀረች። ያን ሳቅ ታውቀዋለች። ድምፅ የለውም፤ ትከሻ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅናት ያለችው ነገር እሷን ከውርደት መጠበቅ ኖሯል። እንደዚህ ከምትወደድስ ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ካርዶቹ ካሉ ግን የሚደረግ ነገር አለ ብላ አሰበች። ወዲያውም አንድ ነገር ትዝ አላት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ አባቷ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ከቢሮ የሚፈረሙ ወረቀቶች መጥተውላት ነበር። ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ አንድ በአንድ ፈረመች። ከመካከላቸው አንዱ ካርዶቹ የተከማቹበት ምድር ቤት ማስለቀቂያ ነው። የኮምፒውተር ክፍል ሊሆን ነው። አገልግሎት የማይሰጡ ካርዶች፣ ስድሳ መሳቢያ፣ ለወረቀት ፋብሪካ እንዲሰጡ ይላል። ከላይ ከላይ አንብባው ነበር። ቀኑ ይሄ ሳምንት ነው።

የኮሌጁ የግምጃ ቤት ጠባቂ ጋ ደወለች። ከአባቷ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው የሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀብሩ ላይ አፈር ካለበሱት አንዱ ነበሩ።

«ልጄ፣ ትናንት ጫኑት እኮ፤ ይሄኔ ተፈጭቷል» አሏት።

«ሁሉንም?»

«እርጥቡን አንወስድም ብለው ትተውታል። ባለፈው ሳምንት ቧንቧው የፈነዳ ጊዜ ከሥር የነበሩት ሰባቱ መሳቢያዎች ርሰው ነበር። ነገ ቆሻሻ መኪና ያነሣቸዋል። ምን ሆነሻል?»

ከስድሳው ሰባት። ችኩሌ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

አክስቷ በሩ ላይ ያዟት። ሐዘንተኛ በሦስተኛው ቀን ቤት ጥሎ አይወጣም፤ ይሄ ሁሉ ሰው አንቺን ብሎ መጥቶ ወንበር ያጽናና ወይ፤ ሰው ምን ይላል ብለው ተቆጡ።

«ሥራ ሄደች ይበሉ» አለች ችኩሌ። አክስቷ ፊቷን አይተው እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሡ።

ምድር ቤቱ አሥራ አንድ ደረጃ ወደታች ነው። ከላይ ባለች ጠባብ መስኮት የቀን ብርሃን ይገባል። ሃምሳ ሦስቱ መሳቢያዎች የነበሩበት ወለል ላይ አራት ማዕዘን የአቧራ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ሰባቱ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። እንጨታቸው አብጦ አንዱን ለመክፈት እሷም ቁልፍ ይዘው የጠበቋት ሽማግሌም መጎተት ነበረባቸው።

ዘንጉን አወጣችና የላይኛውን ካርድ አነሣች። ፊቱ በቀለም ብዕር የተጻፈ ስለነበር ውኃው ወስዶታል፤ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኖ ቀርቷል። ያስተየበችው ሁሉ፣ ደራሲውም ርዕሱም፣ የለም። የተረፈው ጥግ ላይ በማኅተም የተመታው ቁጥር ብቻ ነው። ገለበጠችው። እርሳስ ውኃ አይደፍረውም፤ የአባቷ ደቃቅ ጽሑፍ እንዳለ ነው።

«ይህን የሚጠይቅ ፈተና የወደቀ ነው። ዓይኑን ሳታይ ስጠው። 418ን ጨምርለት፣ ይቀላል።»

ሁለተኛውን አነሣች። «ርዕሱ ያታልላል። እርሻ ብለው ይጠይቁታል፣ ስለ ግብር ነው። ቀድመህ ንገራቸው።» ሦስተኛው ላይ «ሴቶቹ ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉ። በጋዜጣ ጠቅልለህ ስጥ» ይላል።

«ማንን ነው ‹ስጠው›፣ ‹ንገራቸው› የሚሉት?» አለች።

«ተተኪያቸውን ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «ከእኔ በኋላ የሚቀመጠው እንዳይቸገር ይሉ ነበር። ሁልጊዜ ነበር የሚሉት።»

ከሳቸው በኋላ የተቀመጠችው እሷ ናት። ችኩሌ አለቀሰች። ቀብሩ ላይ ሰው እያየ እንዳለቀሰችው አልነበረም፤ ትንፋሽ አጥሯት፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ነው ያለቀሰችው። ሽማግሌው ዘንጉን ተቀበሏት።

ሲወጣላት ከራሷ ላይ ጥቁሩን ሻርፕ ፈታችና ብርሃኑ የሚያርፍበት ደረቅ ወለል ላይ አነጠፈችው። ካርዶቹን አንድ በአንድ እየለየች፣ ጀርባቸውን ወደላይ አድርጋ ትደረድር ጀመር። እንዲህ ተነጣጥለው ካልደረቁ እስከ ማታ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሽማግሌው ከመሳቢያው ያቀብሏታል፤ እሷ ተራውን ሳታፋልስ ታስቀምጣለች። ለሰባቱ መሳቢያ ቀኑ እንደማይበቃቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

አራተኛው መሳቢያ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው አንድ ካርድ ይዘው ዘገዩ። ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡትና ሰጧት።

«ችኩሌ ወስዳዋለች። በዚህ ላይ የምጨምርላት አላገኘሁም። እሷ ስታውቅ ትጨምርበት።»

ካርዱን ገልብጣ የማኅተሙን ቁጥር አየች። ስልኳን አውጥታ ራሷ ባሠራችው ካታሎግ ላይ ቁጥሩን ጻፈች። ርዕሱ ወዲያው መጣ። ኮሌጁ ስለ ኮምፒውተር የገዛው የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች በዚያ መስኮት ወረቀት አቀብላ፣ እንደማንኛውም ተማሪ ተራዋን ጠብቃ የተዋሰችው ነው። ያን ቀን አባቷ ያመጡላት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ ጨምረው ለእኔ ነፈጉኝ ብላ አኩርፋ ነበር፤ አሁን ገና ትዝ አላት።

«ይቺንስ ለብቻ ላስቀምጥልሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አይ፣ ተራዋ ላይ ትሁን።»

ሻርፑ ላይ፣ ከፊተኛዋ ካርድ ቀጥላ፣ ጀርባዋን ወደላይ አድርጋ አስተኛቻት። ጠርዟ በእርጥበቱ ተጠቅልሎ አልተኛ ሲላት በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችው፤ ሽማግሌው የሚቀጥለውን ካርድ ዘርግተው እየጠበቋት፣ እስኪተኛ ድረስ አልለቀቀችውም።